በብርሃን የሚነቁ የብረታ ብረት ውህዶች ለካንሰር ሕክምና፦ ብርሃኑ የሚደርሰው እስከ የት ነው?

ዘአራትኪሎ (ክሩን የከፈተ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ከቤተሰቡ አንድ ሰው ኬሞቴራፒ የወሰደ አንባቢ ሁሉ ሲስፕላቲንን ቢያንስ በስም ያውቀዋል። በመሐሉ አንድ የፕላቲነም አተም የያዘ ትንሽ ውህድ ነው። ጣሊያናዊው ሚኬሌ ፔይሮኔ እ.ኤ.አ. በ1845 ሠርቶት ነበር፤ ሆኖም ለካንሰር ይጠቅማል ብሎ ያሰበ ሰው ሳይኖር ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ። በ1960ዎቹ ባርኔት ሮዘንበርግ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ፍሰት በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሲመረምር፣ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈላቸውን አቁመው እንደ ክር ሲረዝሙ አየ። ምክንያቱ ሲጣራ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከፕላቲነም ኤሌክትሮዶቹ እየሟሟ ወደ ፈሳሹ የገባው ውህድ ሆኖ ተገኘ። ግኝቱ በ1965 ታተመ፤ መድኃኒቱም በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ሲስፕላቲን ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ሴሉ እንዳይከፋፈል ያደርጋል። ነገር ግን ደም በደረሰበት ሁሉ ስለሚደርስ ኩላሊትን፣ የመስማት ችሎታንና ነርቭን ይጎዳል። እዚህ ላይ ነው ዛሬ ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ የሚነሣው፦ በጨለማ ውስጥ ጉዳቱ እጅግ ዝቅተኛ የሆነ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ወደ መርዝነት የሚለወጥ ውህድ ቢኖረን፣ መድኃኒቱ በመላ ሰውነት ቢሰራጭ እንኳ ግድያው የሚፈጸመው ሐኪሙ ባበራበት ቦታ ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ፣ አክሪዲን የተባለው ቀለም በውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ባለ አንድ ሴል ፓራሚሲየሞች የሚገድልበት ፍጥነት በክፍሉ ውስጥ ባለው ብርሃን መጠን እንደሚለያይ አስተዋለ። መምህሩ ሄርማን ፎን ታፓይነር ሥራውን ገፋበት፤ ብርሃኑና ቀለሙ ብቻ ሳይሆኑ ኦክስጅንም እንደሚያስፈልግ የታወቀው ያኔ ነው። ፎቶፍሪን የተባለው ከፖርፊሪን የሚሠራ መድኃኒት ግን በካናዳ ለሽንት ፊኛ ካንሰር የተፈቀደው በ1993 ነበር። ፎቶፍሪን በውስጡ ብረታ ብረት የለውም።

ታዲያ ብረታ ብረቱ ምን ይጨምራል? ብርሃን የመጠጠ ሞለኪውል ያገኘውን ኃይል አብዛኛውን ጊዜ በቢሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ መልሶ ይጥለዋል። እንደ ሩቴኒየም፣ ኢሪዲየም፣ ፓላዲየምና ፕላቲነም ያሉ ከባድ አተሞች በሞለኪውሉ ውስጥ ሲኖሩ ግን፣ የኤሌክትሮኑ ሽክርክሪት አቅጣጫውን ለመቀየር ስለሚቀለው ሞለኪውሉ ትሪፕሌት ወደሚባለው ረዘም ላለ ጊዜ ወደሚቆይ ሁኔታ ይገባል። በዚያ ቆይታው ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል፤ ኃይሉን ያስረክበዋል፤ ኦክስጅኑም ሲንግሌት ኦክስጅን ወደሚባለው ቁጡ ዓይነት ይለወጣል። ሲንግሌት ኦክስጅን በንጹሕ ውኃ ውስጥ እንኳ ዕድሜው ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ነው። በሴል ውስጥ ደግሞ ከናኖሜትሮች በሚቆጠር ርቀት አልፎ ሳይሄድ ያገኘውን ስብ፣ ፕሮቲን ወይም ዲኤንኤ ያቃጥላል። ጉዳቱ መድኃኒቱ በተቀመጠበት ስፍራ ተወስኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በመሠረታዊው የሩቴኒየም ውህድ፣ ማለትም ባይፒሪዲን የሚባሉ ሦስት ሞለኪውሎች በያዘው ብርቱካናማ ፈሳሽ ላይ፣ መብራቱ በጠፋ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ኤልኢዲ ስናበራበት ፈሳሹ ቀይ ወደ ብርቱካን ያደላ ፍካት ይሰጣል። ቀጭን ቱቦ አስገብተን ናይትሮጅን ስንነፋበት ድምቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨምራል፤ ቱቦውን አውጥተን ብልቃጡን በአየር ስናንቀጠቅጠው መልሶ ይደበዝዛል። የጠፋው ፍካት ኦክስጅን የወሰደው ኃይል ነው። ተማሪዎች ከአንድ ሰዓት የሰሌዳ ትምህርት ይልቅ በዚህች ሙከራ ይረዱታል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በዚህ ዘርፍ የሚያስቸግረው ውህዱን መሥራት አይደለም። በየዓመቱ በብዙ የሚቆጠሩ አዳዲስ ውህዶች ይታተማሉ። አስቸጋሪው ብርሃኑን ካንሰሩ ወዳለበት ማድረስ ስለሆነ፣ አንድ ጽሑፍ ስናነብ በቅድሚያ ልንጠይቀው የሚገባው «በየትኛው ቀለም ብርሃን ነቃ?» የሚለውን ነው ብዬ አምናለሁ። ሐሳባችሁን እጠብቃለሁ።

ልጅ_ከፒያሳ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

መምህር፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። አባቴ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንዳለበት ከተነገረን ጥቂት ጊዜ ሆኖናል። በቱቦ ገብተው ዕጢውን ቆርጠው አውጥተውለታል፤ ቀጣዩን ሕክምና ለመወሰን የናሙናውን ውጤት እየጠበቅን ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ የሽንት ፊኛ የሚለውን ቃል ሳይ ልቤ ተንጠለጠለ። ይህ ሕክምና በአገራችን ይሰጣል? ካልተሰጠስ ከጨረር ሕክምናው በምን ይለያል? ዘመዶቻችን «ያው መብራት ነው» ይላሉ።

ፊዚክስ_ስድስት ኪሎ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ለእህታችን የመጨረሻ ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የሕክምናውን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ።

የጨረር ሕክምና የሚጠቀመው እንደ ኤክስሬይና ጋማ ያሉ ጨረሮችን ነው። እነዚህ ሰውነትን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ኤሌክትሮንን ከአተም የመፈንቀል አቅም ስላላቸውም ያለ ምንም መድኃኒት ሴልን ይጎዳሉ። እዚህ የምንነጋገርበት ብርሃን ግን በዓይናችን የምናየው ወይም ለማየት ትንሽ የቀረን ብርሃን ነው። ብቻውን ሴል አይገድልም፤ ሩቅም አይሄድም።

ስልክዎን አውጥተው ባትሪውን ያብሩና ጣትዎን በላዩ ላይ ያድርጉ። መብራቱ ነጭ ቢሆንም ጣትዎን ዘልቆ የሚታየው ቀይ ብቻ ነው። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን የደማችን ሂሞግሎቢን ስለሚመጥጠው ነው። በግምት ስናስቀምጠው ሰማያዊ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ከአንድ ሚሊሜትር በታች፣ አረንጓዴ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ፣ ቀይ እስከ ጥቂት ሚሊሜትር፣ ለዓይን የማይታየው ታህተ ቀይ ደግሞ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጥቅም ላይ ሊውል በሚችል መጠን ይገባል። የሞገድ ርዝመቱ ከ650 እስከ 900 ናኖሜትር የሆነው የብርሃን ክልል «የሕክምና መስኮት» የሚባለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ለምን ሁሉንም በታህተ ቀይ አንሠራውም?» የሚል ቢኖር፣ ተፈጥሮ በሌላ በኩል በሩን ዘግታዋለች። ኦክስጅንን ወደ ሲንግሌት ለመለወጥ በአንድ ሞል ወደ 94 ኪሎጁል የሚሆን ኃይል ያስፈልጋል። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ፎቶኑ የሚሸከመው ኃይል ይቀንሳል፤ መድኃኒቱም በመንገድ ላይ የተወሰነውን ስለሚያባክን ከ800 ናኖሜትር አልፎ በአንድ ፎቶን ይህን ሥራ መሥራት እጅግ ይከብዳል። በሁለት ፎቶን የማንቃት ዘዴ አለ፤ ነገር ግን በጣም ጠንካራና እጅግ አጫጭር ምት ያለው ሌዘር ስለሚፈልግና የሚያነቃውም ነጥብ ጠባብ ስለሆነ፣ ለጊዜው ከማይክሮስኮፕ ሥር እምብዛም አልወጣም።

ዘአራትኪሎ፣ ሙከራዎ ግሩም ነው። ነገር ግን ያ ውህድ ብርሃንን በደንብ የሚመጥጠው 450 ናኖሜትር አካባቢ፣ ማለትም ሰማያዊው ላይ ነው። ከብልቃጥ ወደ ሰው የሚደረገውን ጉዞ የሚያከብደው ይኸው አይደለምን?

ሲስተር_ልደታ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

የሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያነበብኩት። በካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ።

እህቴ፣ በቅድሚያ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በብርሃን የሚነቃ የብረታ ብረት ውህድ በአገራችን ለሕመምተኛ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ በውጭም ቢሆን ለፊኛ ካንሰር በሙከራ ላይ ያለ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ዶክተሩ ያዘዘላችሁን ሕክምና እንዳታዘገዩ አደራ እላለሁ። ይህን የምለው ሰው «የተሻለ እየመጣ ነው» ሲባል የያዘውን ሲተው ስላየሁ ነው።

ስለ ሲስፕላቲን መምህሩ የጻፉትን በአልጋ አጠገብ የሚያየው ሰው በሌላ መልክ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ከመንጠልጠሉ በፊት በሊትር የሚለካ ግሉኮስና ጨው ያለው ፈሳሽ በደም ሥር እንሰጣለን፤ የማቅለሽለሽ መከላከያውን እናስቀድማለን፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውን ሽንት በመለኪያ ዕቃ እየለካን በካርዱ ላይ እንጽፋለን፤ ሽንቱ ከቀነሰ እንጨነቃለን። ከጥቂት ዙር በኋላ «ሲስተር፣ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ» የሚል ሕመምተኛ ይመጣል። የኩላሊት ምርመራው ከፍ ብሎ ከተገኘ ዙሩ ይተላለፋል። ይህን ሁሉ ሳስብ ጉዳቱን አንድ ቦታ ላይ የሚወስን መድኃኒት የሚለው ሐሳብ ቢያጓጓኝ አይፈረድብኝም።

ዘአራትኪሎ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ፊዚክስ_ስድስት ኪሎ ያነሡት ነጥብ የክሩ እምብርት ስለሆነ በእሱ ላይ ቆም ልበል። መልሱም የእህታችንን ጥያቄ ይነካል።

በሰው ላይ ለመሞከር የመጀመሪያ የሆነው በብርሃን የሚነቃ የሩቴኒየም ውህድ ቲኤልዲ-1433 ይባላል። ውህዱን የነደፈችው ሼሪ ማክፋርላንድ የተባለች ኬሚስት ናት፤ ሥራውን የጀመረችው በካናዳ በሚገኘው አካዲያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሩቴኒየሙን ከከበቡት ሦስት ሞለኪውሎች (ሊጋንዶች ይባላሉ) ሁለቱ ከባይፒሪዲን ቤተሰብ ናቸው። ሦስተኛው ግን ጅራት አለው፤ ሦስት ቲዮፌን ቀለበቶች በተርታ ተቀጥለውበታል። ብርሃኑ የሰጠው ኃይል በዚያ ጅራት ላይ ስለሚሰፍር፣ የነቃው ሞለኪውል ዕድሜ ከመሠረታዊው ውህድ እጅግ ይረዝማል፤ ኦክስጅን እጥረት ባለበትም ቢሆን አንዲት የኦክስጅን ሞለኪውል እስክታልፍ ለመጠበቅ ጊዜ ያገኛል።

የካናዳው ቴራሌዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ቶሮንቶ ውስጥ በስድስት ሕመምተኞች የመጀመሪያውን የደኅንነት ሙከራ ጀመረ። በ2019 ደግሞ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተሻገረ። የተመረጡት ሰዎች ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ ያልነካና ለቢሲጂ ሕክምና አልመለስ ያላቸው ናቸው። ቢሲጂ ስል፣ አዎን፣ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚከተቡት ያው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው፤ በፊኛ ውስጥ ሲጨመር የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ በገጽ ላይ ያለ ካንሰርን ያጠፋል፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያገለግላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ በደም ሥር አይሰጥም። በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ፊኛው ውስጥ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የካንሰር ሴሎቹ ከጤናማው ግድግዳ የበለጠ ይወስዱታል። ከዚያ ታጥቦ ይወጣል፤ ፊኛው በውኃ ተወጥሮ እጥፋቶቹ ይዘረጋሉ፤ ብርሃን የሚያሰራጭ የሌዘር ክር ወደ መሐሉ ይገባና አረንጓዴ ብርሃን ይለቀቃል።

አረንጓዴ! ጥልቅ የማይገባውን ብርሃን ሆን ብለው ነው የመረጡት። ቀድሞ በፎቶፍሪንና በቀይ ብርሃን የፊኛ ሕክምና የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች፣ ብርሃኑ እስከ ጡንቻው ዘልቆ ስለጎዳው ፊኛቸው ኮማትሮ ሽንት የመያዝ አቅሙን አጥቶ ነበር። በገጽ ላይ ብቻ ላለ ካንሰር ሁለት ሚሊሜትር የማይሻገር ብርሃን ጉድለት መሆኑ ቀርቶ አጥር ይሆናል። የብርሃንን አጭር መንገድ እንደ እርግማን ከመቁጠር ይልቅ ለዚያ መንገድ የሚስማማ በሽታ መፈለግ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ዘርፍ ከተሠሩት ብልህ ውሳኔዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

ፋርማሲ_ቸርችል — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

በጣም ጠቃሚ ውይይት ነው። እኔ የማክለው ከሕክምናው ክፍል ከወጡ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፤ ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል።

ፎቶፍሪን በደም ሥር የሚሰጥና በቆዳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቀር ስለሆነ፣ የወሰደው ሰው ቢያንስ ለ30 ቀናት ቆዳውንና ዓይኑን ከፀሐይና ከደማቅ መብራት እንዲጠብቅ ይታዘዛል። ብዙ ሰው «የፀሐይ ክሬም እቀባለሁ» ሊል ይችላል። የተለመደው ክሬም የሚከላከለው አልትራቫዮሌትን ነው፤ ፎቶፍሪንን የሚያነቃው ግን የሚታየው ብርሃን ስለሆነ ክሬሙ አይጠቅምም። ወፍራም ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ጓንትና ጥቁር መነጽር ነው የሚያድነው። በተቃራኒው ደግሞ ሰውየው በጨለማ ክፍል እንዲዘጋ አይመከርም፤ ለስላሳ የቤት ውስጥ ብርሃን በቆዳው የቀረውን መድኃኒት ቀስ በቀስ ያከስመዋልና። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሆነች፣ በጥቅምትና በኅዳር ሰማይዋ ጥርት በሚል ከተማችን ውስጥ፣ ከቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር ታክሲ ለመያዝ የሚሄድን ሰው በዚህ ሕግ ለአንድ ወር ማቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ነጠላ መከናነብ ብቻ አይበቃም፤ ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል።

ስለዚህ የሩቴኒየሙን ውህድ ወደ ፊኛ ብቻ አስገብቶ ማጠብ ለእኔ ከኬሚስትሪው ባልተናነሰ ያስደስተኛል። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሚሆን የፀሐዩ ጣጣ ይቀራል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በከተማችን ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ቦታ «የቀይ ብርሃን ሕክምና ዕጢ ያጠፋል» እያለ ደንበኞችን በየቀኑ ከአምፖል ሥር ያስቀምጣል፤ ለአንድ ደንበኛዬ በዚህ መንገድ ብዙ ብር አስወጥቶታል። ያለ መድኃኒቱ ብርሃኑ ሙቀት ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለውም። መድኃኒቱም ያለ ብርሃን ሥራ የለውም። «ምን መድኃኒት ሰጣችሁኝ? ብርሃኑስ ስንት ናኖሜትር ነው?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሰው ካንሰር አያክምም።

ጠያቂ_ካዛንቺስ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡30

ውይይቱን ሳነብ ሁላችሁም ለሐሳቡ ያደላችሁ መሰለኝ፤ ስለዚህ የተቃራኒውን ወገን ልያዝ።

በብርሃን የሚነቃ የብረታ ብረት ውህድ እስካሁን አንድ ሙሉ ፈቃድ አግኝቶ በአውሮፓ ገበያ ላይ የዋለ አለ፤ ቱካድ የሚባለው። በመሐሉ ፓላዲየም ያለበት፣ ከባክቴሪያ ክሎሮፊል የተሠራ ውህድ ነው፤ እስራኤል በሚገኘው ዋይዝማን ተቋም ተወጥኖ ለፕሮስቴት ካንሰር ቀረበ። ለአሥር ደቂቃ በደም ሥር ይሰጣል፤ ከደም ሥሮቹ ሳይወጣ ወዲያው ወደ ፕሮስቴቱ በተሰኩ ክሮች በኩል 753 ናኖሜትር ብርሃን ለሃያ ደቂቃ ገደማ ይበራል፤ ዕጢውን የሚመግቡት ደም ሥሮች ይዘጋሉ። በ413 ወንዶች ላይ በአውሮፓ በተደረገው ሙከራ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በናሙና ምርመራ ካንሰር ያልተገኘባቸው ሕክምናውን ከወሰዱት 49 በመቶ ሲሆኑ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት ደግሞ 14 በመቶ ነበሩ። በ2017 የአውሮፓ ፈቃድ ተሰጠው።

ቁጥሩ ያማረ ነው። ነገር ግን በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ኮሚቴ ሐሳቡን በሰፊ የድምፅ ልዩነት ሳይደግፈው ቀረ። ምክንያቱ ሕክምናው አለመሥራቱ አይመስለኝም፤ እነዚያ ወንዶች የነበረባቸው ካንሰር ዝቅተኛ አደጋ ያለው፣ ብዙዎቹ ምንም ሳይነኩት በክትትል ብቻ ዕድሜያቸውን ሊጨርሱ የሚችሉ ስለነበሩ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ብርሃን የሚደርስበት ካንሰር ሁሉ በገጽ ላይ ያለ፣ ገና ለጋ የሆነ፣ በቢላዋም ሊወጣ የሚችል ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ኬሚስትሪ ለማን ነው? በአገራችን አብዛኛው ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ የሚመጣው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለተሰራጨ ካንሰር ብርሃን የት ይበራል?

ዘአራትኪሎ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጠያቂ_ካዛንቺስ፣ ጥያቄዎ ከባድና ተገቢ ነው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ አልከራከርዎትም፤ በጉበትና በአጥንት ለተሰራጨ ካንሰር ይህ ዘዴ መልስ አይሆንም። «በቢላዋ ሊወጣ የሚችል» በሚለው ላይ ግን አልስማማም። ለቢሲጂ አልመለስ ያለ የፊኛ ካንሰር መደበኛው ቀጣይ እርምጃ ፊኛውን በሙሉ አውጥቶ ሽንት በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወርድ ማድረግ ነው። ከዚህ የሚያድን ነገር ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ኦክስጅን ነው። ዕጢ በፍጥነት ሲያድግ የደም ሥሮቹ ስለማይደርሱለት መሐሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ብርሃን ስናበራ ደግሞ ያለውን ጥቂት ኦክስጅን ራሳችን እንጨርሰዋለን። ለዚህ ኬሚስቶች ኦክስጅንን የማይጠብቁ ውህዶችን ነድፈዋል። በእንግሊዝ ዎሪክ ዩኒቨርሲቲ የፒተር ሳድለር ቡድን የሠራቸው የፕላቲነም አራት (አራት ኤሌክትሮን ያጣ ፕላቲነም) ውህዶች አዛይድ የሚባሉ ቡድኖችን ተሸክመው በጨለማ ረግተው ይቆያሉ፤ ብርሃን ሲያገኛቸው አዛይዱን ራዲካል በሚባል ቁጡ መልክ አራግፈው ወደ ፕላቲነም ሁለት ይለወጡና እንደ ሲስፕላቲን ዘመዶቻቸው ዲኤንኤን ይይዛሉ። በሆላንድ ላይደን የሲልቬስትር ቦኔ ቡድን ደግሞ ሩቴኒየምን እንደ መዝጊያ ይጠቀምበታል፤ ብርሃን ሲነካው ሊጋንዱ ይለቀቅና መድኃኒቱ ነጻ ይወጣል። በ2019 የሳድለርና የቻይና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የኢሪዲየም ውህድ ከሁሉም ይበልጥ ይገርመኛል። ሴሉ ለኃይል ማመንጫነት የሚገለገልበትን ኤንኤዲኤች በብርሃን እየታገዘ ያቃጥልበታል፤ ኦክስጅን ሲያንስም ሥራውን አያቆምም፤ አንዱ ሞለኪውል ደጋግሞ ስለሚሠራም ጥቂት መጠን ይበቃዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ የፕላቲነም አራት ውህዶች የሚነቁት በሰማያዊና በአልትራቫዮሌት አካባቢ ስለሆነ ተመልሰን በፊዚክስ_ስድስት ኪሎ የስልክ ባትሪ ላይ እንወድቃለን።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሩቴኒየምና ኢሪዲየም በዋናነት በደቡብ አፍሪካ ከፕላቲነም ማዕድን ጋር ተያይዘው የሚወጡ ብርቅዬዎች ናቸው። እኛም በወለጋ ዩብዶ ፕላቲነም እንዳለን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ለማንኛውም ለአንድ ሕክምና የሚያስፈልገው መጠን በሚሊግራም የሚቆጠር በመሆኑ ኪስ የሚጎዳው ብረታ ብረቱ አይሆንም፤ ሌዘሩ፣ ክሩ፣ ፊኛን በውስጥ ማያው መሣሪያ (ሲስቶስኮፑ) እና የሠለጠነው እጅ ናቸው።

ሲስተር_ልደታ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ስለ ብርሃን መድረሻ ስታወሩ የማሕፀን በር ትዝ ይለኛል። በአገራችን ሴቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው የማሕፀን በር ካንሰር ነው፤ በመሣሪያ ተከፍቶ በዓይን የሚታይ፣ መብራት በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ነው። ቅድመ ካንሰር ለውጦችን በብርሃን የማከም ሐሳብ በተለያዩ አገሮች ሲሞከር ቆይቷል።

ይሁን እንጂ እኔ ወገንተኛ ነኝ። በአኬቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ምርመራ በጤና ጣቢያዎቻችን አለ፤ ነጭ ሆኖ የታየውን በብርድ ወይም በሙቀት ማጥፋት እዚያው በተመሳሳይ ቀን ይቻላል፤ ይህን ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባትም እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ለዚያ ቦታ ሌዘር ከመግዛታችን በፊት አልጋውና ስፔኩለሙ በየጤና ጣቢያው ይሟላ እላለሁ። ለፊኛው ግን ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ እዚያ አማራጩ ጠባብ ነው።

ፊዚክስ_ስድስት ኪሎ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡05

በአጭሩ አንድ ነገር ላክል። በቆዳ ካንሰር ላይ የሚታተሙ የብርሃን መጠኖችን ወደ እኛ ስናመጣ ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠውን ሜላኒንን መርሳት የለብንም። በጠቆረ ቆዳ ላይ በተለይ ሰማያዊውና አረንጓዴው ብርሃን ከላይኛው ንብርብር ሳያልፍ ስለሚመጠጥ፣ በነጣ ቆዳ ላይ የተለካ መጠን እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። በፊኛ ውስጥ ይህ ችግር የለም፤ ውስጡ የሁላችንም አንድ ነው።

ልጅ_ከፒያሳ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ የናሙናውን ወረቀት ተቀብለናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ወንድሜ አነበበልን፤ ካንሰሩ ከላይኛው ሽፋን ሥር ያለውን ንብርብር እንደነካ፣ ነገር ግን በናሙናው ውስጥ ጡንቻ እንዳልተገኘ ይላል። ወንድሜ «ጡንቻውን አልነካም ማለት ነው» ብሎ ደስ አለው። ሲስተር፣ እንደዚያ ነው?

ሲስተር_ልደታ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡10

እህቴ፣ እንደዚያ አይደለም። «ጡንቻው አልተነካም» እና «በናሙናው ውስጥ ጡንቻ አልተገኘም» የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው የሚለው፣ ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ እስከ ጡንቻው ስላልደረሰ ናሙናውን የመረመረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) መፍረድ አልቻለም ነው። በዚህ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና በቱቦ ገብተው ከዚያው ስፍራ ጠለቅ አድርገው ይቆርጣሉ። ቢሲጂ ይበቃዋል ወይስ ሌላ ያስፈልገዋል የሚለው የሚወሰነው በዚያ ላይ ነው፤ መምህሩ የነገሩን ዓይነት ሕክምናም አንድ ቀን ቢመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው የጥልቀት ጥያቄ ነው።

ነገ ወረቀቱን ይዛችሁ ለዶክተሩ «ድጋሚ ናሙና ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀጠሮውንም በዚያው ቀን አስይዙ። አባትሽ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከቀጠሮው በፊት አሳውቁ።

ልጅ_ከፒያሳ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

እሺ ሲስተር። አስፕሪን ይወስዳል፤ እነግራቸዋለሁ።